የቆራጣ ወለተ ጴጥሮስ የጀልባ ጉብኝት
ከባሕር ዳር በጣና ሐይቅ ዳር ወዳለው የቆራጣ ወለተ ጴጥሮስ ገዳም የሚደረገው የጀልባ ጉብኝት ዋጋውን የሚያወጣው አስጎብኚው ታሪኩን ካወቀ ብቻ ነው። ሥዕል አሳይቶ ካለፈ ዋናው ይቀራል፦ ወለተ ጴጥሮስ (1592–1642 እ.ኤ.አ.) የአፄ ሱስንዮስ አማካሪ የነበሩትን ባላቸውን ትተው መነኮሱ፤ የካቶሊክን እምነት አንቀበልም በማለታቸው ዠበይ ወደተባለ ቦታ ተጋዙ፤ ወንድም ሴትም ያሉባቸውን ሰባት ማኅበራት መሠረቱ። ወንዶች ለሴት ታዘዙ፤ ያውም በ17ኛው ክፍለ ዘመን! እኩልነት ሰፈነ ማለት ግን ማጋነን ነው። የጣና ደሴት ገዳማቱ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ዛሬም ለሴቶች ዝግ ናቸው፤ መስመሩን ቀድሞ ያልጠየቀ ቡድን ሴቶቹን ጀልባ ላይ ትቶ ይወርዳል።

በጠዋት ውጡ፤ ከሰዓት ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ ትንሽ ጀልባ ያንገላታል። ዋጋው የመጠበቂያ ሰዓትን ይጨምር እንደሆነ ሳትሳፈሩ ተነጋገሩ። ነጠላ ያዙ፤ ጫማ በር ላይ ይወልቃል።