ሲስተርን ሳላመሰግን አላልፍም

ሰላም ጓደኞቼ፣ የልጃችን የቲ ሴል ውጤት ጥሩ መጣልን ተመስገን! ከዚህ በላይ ባዘገየው ነውር ስለሆነ የትራንስፕላንት (የመቅኔ ንቅለ ተከላ) አስተባባሪ ነርሳችንን እዚህ ላመሰግናትና ለሌላም ቤተሰብ ልጠቁማት ነው። ስሜን እንዳትጽፊ ብላኛለች ስለዚህ ሁሌ እንደምንጠራት ሲስተር እያልኩ ልቀጥል።

ለማታውቁ፣ ልጄ ስኪድ የሚባል በዘር የሚመጣ ችግር ይዞ ነው የተወለደው፣ ሰውነቱ ቲ ሴል የሚባሉትን በሽታ ተከላካይ ሴሎች መስራት አይችልም። አፉ ላይ አልለቅ ያለ ነጭ ፈንገስ፣ ተቅማጥ፣ ኪሎ አለመጨመር፣ ከዛ የሳንባ ምች ምናምን። በኋላ አንድ ሀኪም የደም ምርመራውን (ሲቢሲ) አይቶ ሊምፎሳይት የሚባለው ነጭ የደም ሴል ለጨቅላ አንሷል አለን (ለአዋቂ ኖርማል የሆነው ቁጥር ለጨቅላ ትንሽ ነው፣ ለዛም ነው በቀላሉ የሚታለፈው)፣ እሱንም እግዜር ይስጠው። ካልታከመ አብዛኞቹ ህፃናት ሁለት አመት እንኳን አይደርሱም።

ሲስተር መጀመሪያ ስትደውልልኝ የጠየቀችኝ ስለ ክትባት ነው። ቢሲጂና የሮታ ክትባት ህይወት ያለው ጀርም ስላላቸው ለነዚህ ልጆች አደገኛ ናቸው፣ ደም ቢያስፈልገው ደግሞ በጨረር የታከመ መሆን አለበት፣ ይሄን ሁሉ በደብዳቤ ጽፋ የትም ስትሄዱ አሳዩ ብላ ሰጠችን። ጡት አቁሚ ያለችኝ ቀን ግን አልቅሻለሁ፣ ደሜ ላይ ሲኤምቪ የሚባል ቫይረስ ተገኝቶ በወተት ሊያልፍበት ስለሚችል ነው። ቸኩላ ስልኩን አልዘጋችብኝም፣ አልቅሼ እስክጨርስ ዝም ብላ ጠበቀችኝና ከዛ ቀጥሎ ምን እንደምናደርግ አንድ በአንድ ነገረችኝ።

ከሁሉም በላይ የማልረሳላት ለትልቋ ልጄ ያደረገችውን ነው። ለመቅኔ ልገሳ ወንድምና እህት ሙሉ በሙሉ የመግጠም እድላቸው ከ4 አንድ ነው፣ ካልሆነ ግማሽ ከሚገጥም ወላጅም ይሰራል፣ እኛ ግን እድለኞች ሆነን የሷ ገጠመ። እኔና አባቷ ስለ ህፃኑ ብቻ ስንጨነቅ ልጅቷን ምን ይሰማሻል ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ሲስተር ቁጭ አድርጋ መቅኔው ከዳሌ አጥንቷ የሚወሰደው በማደንዘዣ ተኝታ እንደሆነ፣ ከተነሳች በኋላ ትንሽ እንደሚያማት፣ የተወሰደው በሳምንታት ውስጥ መልሶ እንደሚተካ በአሻንጉሊት እያሳየች አስረዳቻት። አያምሽም ብላ አልዋሸቻትም በቃ። ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1968 ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳካው የስኪድ ንቅለ ተከላ ላይም ለጋሿ የልጁ እህት እንደነበረች ስትነግራት ልጄ ኮራች እኮ! አሁን ለሰው ሁሉ የምታወራው እሱን ነው።

ንቅለ ተከላው ራሱ ኦፕሬሽን አይደለም፣ ብዙ ሰው እንደዛ ነው የሚመስለው። ደም እንደሚሰጠው በሴንትራል ላይን (ትልቅ ደም ስር ውስጥ በሚገባ ቀጭን ቱቦ) ይገባል ያልቃል። ከባዱ ከዛ በኋላ ያለው ነው፣ አዲሶቹ ሴሎች ሰውነቱን ሊያጠቁት ስለሚችሉ ሽፍታ ካየሽ ሌሊትም ቢሆን ፎቶ አንስተሽ ላኪ፣ ነገ እነግራታለሁ ብለሽ እንዳታሳድሪ ትለኝ ነበር፣ ስልክም እመልሳለሁ ስትል በእውነት ትመልሳለች።

ለእውነት ያህል ሲስተር ኮስታራ ናት። አማቴ ትንሽ ጉንፋን ይዟት ልትጠይቀው ብትመጣ ከበር መለሰቻት፣ እስካሁን ቅር እንዳላት ነው 😅። እኔ ግን አልፈርድባትም፣ ከንቅለ ተከላው በፊትም በኋላም ኢንፌክሽን ነው እነዚህን ልጆች የሚቀጥፋቸው። በአሜሪካ በተደረገ አንድ ጥናት 3 ወር ተኩል ሳይሞላቸው ከተሰራላቸው ህፃናት ከ10 ከ9 በላይ የሚሆኑት በህይወት ቆይተዋል፣ ለዛ ነው ሲስተርም ቀጠሮ ስታመቻች እንደዛ የምታጣድፈው፣ የኛ ልጅ ከዛ እድሜ አልፎ ስለነበር ቢያንስ የሳንባ ምቹ በደንብ ይጥፋለት ብላ ነው የታገለችው።

የልጄ አይነት በእናት በኩል የሚመጣ ስለሆነ ነፍሰጡር የሆነችው እህቴም እንድትመረመር ያሰበችልን እሷ ናት፣ የሚወለደውም ከክትባት በፊት ከተረከዙ ጠብታ ደም እንዲታይ።

ንቅለ ተከላ የሚሰራበት ቦታ ከሄዳችሁ መጀመሪያ አስተባባሪዋ ማናት ብላችሁ ጠይቁ፣ የክትባት ካርዱንም ይዛችሁ ሂዱ። ሲስተርን ለማግኘት የምትፈልጉ ወላጆች ካላችሁ ኢንቦክስ ጻፉልኝ፣ አስፈቅጃት አገናኛችኋለሁ።