የወንድ ሆርሞን ምርመራ ልታደርጉ ከሆነ ኤልኤች የሚባለው ሆርሞን የሌለበት ፓኬጅ ላይ ብር አታውጡ

ታናሽ ወንድሜ ካገባ ቆይቷል ልጅ ግን እምቢ አለ፣ እንደተለመደው ሁሉም ጣቱን የቀሰረው ሚስቱ ላይ ነው፣ እሷ በየሆስፒታሉ ስትንከራተት እሱ አንዴም ተመርምሮ አያውቅም። በስንት ልመና አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አንድ የግል ላብራቶሪ ወሰድኩት፣ ስሙን አልጠራም፣ «የወንድ ሆርሞን ፓኬጅ» አለን ስላሉ ነው የሄድነው።

ፓኬጁ ሁለት ዓይነት ነው። ርካሹ ቴስቶስትሮን (ዋናው የወንድ ሆርሞን) ብቻ፣ ውዱ ደግሞ ቴስቶስትሮን ከነኤልኤች፣ ኤፍኤስኤችና ፕሮላክቲን፣ ሦስቱም አንጎል ሥር ካለች ዕጢ የሚወጡ ሆርሞኖች ናቸው። ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ ርካሹ ይበቃዋል አለችን፣ እኔ ግን ውዱ ይሠራለት ብዬ ድርቅ አልኩ፣ ጥሩ አደረግኩ። ውጤቱ ሲመጣ ቴስቶስትሮኑ ጭራሽ ከኖርማል በላይ! ወንድሜ ደስታውን አልቻለውም፣ «ይኸው እኔ ምንም የለብኝም» ብሎ ለእማዬ ሊደውል ስልኩን አውጥቷል። ከሥር ያለውን መስመር ሳየው ግን ኤልኤች ከ0.1 በታች፣ ኖርማሉ ከ1.7 እስከ 8.6 ይላል፣ ኤፍኤስኤችም እንደዛው ወርዷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቴስቶስትሮን የሚሠሩት ቆለጥ ውስጥ ያሉት ላይዲግ የሚባሉ ሴሎች ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1850 የገለጻቸው ጀርመናዊ ስም ነው፣ ግን በራሳቸው ተነስተው አይሠሩም። አንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ፣ የአተር ፍሬ የምታህል ዕጢ፣ ኤልኤችን በደም ትልክላቸዋለች፣ ኤልኤች ሴሉ ላይ ካለው ተቀባይ ጋር ሲገጥም ሴሉ ውስጥ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የሚባል መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል ይጨምራል፣ ከዛ ስታር የሚባል ፕሮቲን ኮሌስትሮልን ወደ ሚቶኮንድሪያ (የሴሉ ኃይል ማመንጫ) ያስገባል፣ አዎ ያ ሁላችንም የምንፈራው ኮሌስትሮል፣ ደረጃ በደረጃ ቴስቶስትሮን የሚሆነው እሱ ነው። ኤፍኤስኤች ደግሞ የሚያዘው ሰርቶሊ ሴሎችን ነው፣ ዘሩን የሚያሳድጉት እነሱ ናቸው። ፒቱታሪን ራሷን ከላይ ሃይፖታላመስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ጂኤንአርኤች በሚባል ሆርሞን ያዛታል፣ ደም ውስጥ ቴስቶስትሮን ሲበዛ ግን ሁለቱም መላኩን ይቀንሳሉ።

ስለዚህ ቴስቶስትሮን ከፍ ብሎ ኤልኤች ከጠፋ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሆርሞኑ ከውጭ ነው የገባው ማለት ነው። አፋጥጬ ስጠይቀው ጂም ውስጥ የቴስቶስትሮን መርፌ ይወጋል ለካ። መርፌው ደሙን ይሞላዋል፣ ግን ዘር ለማምረት ቆለጥ ውስጥ የሚያስፈልገው መጠን ደም ውስጥ ካለው በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ እሱን ደግሞ እዛው ካሉት ላይዲግ ሴሎች በቀር ማንም አይሠራውም፣ ኤልኤች ሲቋረጥባቸው ሥራ ያቆማሉ፣ ቆለጡ ይሟሽሻል፣ ዘሩም እስከመጥፋት ሊደርስ ይችላል። ጡንቻውን ያየ ሰው ማን ይጠረጥራል? ርካሹን ብንይዝ ኖሮ ይሄ ልጅ «ጤነኛ ነኝ» ብሎ መርፌውን ይቀጥል ነበር፣ ያቺ ምስኪን ደግሞ መወቀሷን። ለዚህ ነው ፓኬጁን የማመሰግነው።

ጎደለ የምለው ብዙ ነው። ደም የወሰዱት ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው፣ ቴስቶስትሮን ከፍ የሚለው ጠዋት ስለሆነ ከ1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ በባዶ ሆድ ነው መወሰድ ያለበት፣ ዝቅ ካለም በሌላ ቀን ይደገማል፣ ይሄን ማንም አልነገረን። ባዮቲን የሚባለውን ቫይታሚን ትወስዳለህ ወይ ብሎ የጠየቀም የለም፣ ይሄ እኮ ቀላል ነገር አይደለም፣ ለፀጉርና ለጥፍር እያሉ የሚሸጡት ባዮቲን ዶዙ ከበዛ አንዳንድ ማሽኖች ላይ ቴስቶስትሮንን በውሸት ከፍ፣ ኤልኤችን በውሸት ዝቅ ያደርጋል፣ ልክ የወንድሜን የሚመስል ውጤት! የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ባዮቲን የላብራቶሪ ውጤት እንደሚያዛባ እ.ኤ.አ. በ2017 አስጠንቅቋል። ወንድሜ አይወስድም፣ ቢወስድስ?

ሪፖርቱም ከፍ ዝቅ ከሚል ምልክት ውጭ ምንም የለውም፣ የሚያስረዳ ሐኪም የለም። ቴስቶስትሮንም ኤልኤችም ዝቅ ካሉ ችግሩ ከፒቱታሪ ወይም ከዛ በላይ ነው፣ ያኔ ፕሮላክቲኑ ይታያል ምክንያቱም ሲበዛ ጂኤንአርኤችን ያፍናል፣ ቴስቶስትሮን ዝቅ ብሎ ኤልኤች ከጨመረ ደግሞ ቆለጡ ራሱ ነው የታመመው። ይሄን ሁለት መስመር መጻፍ ምን ያስቸግራል? የሆርሞን ስፔሻሊስት ጋ በራሳችን ሄድን፣ መርፌውን አስቆመው፣ ለመመለስ ወራት ይፈጃል አንዳንዴም ከዓመት በላይ አለን። ኤችሲጂ የሚባለው መድኃኒት ኤልኤች የሚይዘውን ተቀባይ ራሱን ስለሚይዝ ላይዲግ ሴሎቹን ሊቀሰቅስ ይችላል፣ ግን በሐኪም ትእዛዝ ብቻ፣ እባካችሁ ከጂም እንዳትገዙ።

ደሙን የወሰደችው ነርስ እጇ ቀላል ነው፣ ውጤቱም በዛው ቀን በቴሌግራም ደረሰን፣ በዚህ ምንም አልልም። የዘር ፈሳሽ ምርመራ ግን ፓኬጁ ውስጥ የለም፣ ለብቻው ነው የሚከፈለው፣ ለሱ ደግሞ ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት መታቀብ ስላለበት ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ ቀጠሮ ያዙ።