የተሳቢ መብራት ኬብል፦ የሚፈታውን ልግዛ ወይስ የማይፈታውን?

የተሳቢ መብራት ኬብል ሲበላሽ ምርጫው በዋናነት ሁለት ነው። አንደኛው መሰኪያው ከኬብሉ ጋር አንድ ላይ ተጣብቆ የተሠራው፣ የማይፈታው ነው። ሌላው ኬብሉን በሜትር፣ መሰኪያውን ለብቻው ገዝታችሁ ሽቦዎቹን በብሎን የምታስሩበት ነው። ከባቲ ቆላ ተነስቶ በኮምቦልቻ አድርጎ የሐረጎን ዳገት ለሚወጣ መኪና ይሄ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ደሴ መግቢያ ላይ በጉም ውስጥ የፍሬን መብራት የሌለው ተሳቢ ከኋላው ለሚመጣው ሰው አደጋ ነው።

የማይፈታው ውኃ አያስገባም፣ የምትልጡትም አንዱን ጫፍ ብቻ ነው። ግን አንዷ ፒን ከተሰበረች መክፈት አይቻልም፣ መሰኪያውን ቆርጦ መጣል ነው። የሚፈታው በካቻቢቴና በፒንሳ መንገድ ዳር ይጠገናል። የሱ ድክመት ደግሞ ብሎኖቹ በንዝረት ይላላሉ፣ ኬብሉ የሚገባበት ጎማ በደንብ ካልጠበቀ የክረምት ጭቃ ውስጡ ገብቶ ፒኖቹን አረንጓዴ ያስወጣል። እኔ ለረጅም መንገድ የሚፈታውን እመርጣለሁ። ከተማ ውስጥ ትንሽ ተሳቢ ለሚጎትት ፒክአፕ ግን የማይፈታው ይበቃል።

ከመክፈላችሁ በፊት መኪናው 12 ቮልት ነው ወይስ 24 የሚለውን አጣሩ። ሁለቱም ባለ 7 ፒን መሰኪያ ስላላቸው ያሳስታሉ። በአውሮፓ ደረጃ የተሠሩት ላይ ነጩ ሽቦ፣ ማለትም ማሳው (ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰው)፣ በ12 ቮልቱ 3 ቁጥር ላይ ይታሰራል፣ በ24 ቮልቱ 1 ቁጥር ላይ። ቢጫው የግራ ፍሬቻ፣ አረንጓዴው የቀኝ፣ ቀዩ የፍሬን ነው። ግን ብዙ እጅ የነካው መኪና ላይ ቀለም አትመኑ፣ እያንዳንዱን በመፈተሻ አምፖል አረጋግጡ። የኬብሉንም ጫፍ በቢላ ፋቅ አድርጉት፤ ከመዳብ መልኩ ስር ነጭ ከወጣ አሉሚኒየም ነው። ርካሽ ቢሆንም ተዉት፣ ቶሎ ይሰበራል።

አላላጡ ከባድ አይደለም፣ አብሽሩ። ብቻ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የውጭውን ሽፋን ዙሪያውን በስሱ ብጡትና አጥፉት፣ ይለያያል፤ ምላጩ ጠልቆ ከገባ የውስጦቹን ሽፋን ይነካል፣ እሱም ዛሬ አይታይም፣ ዝናብ ሲመጣ ነው ፊውዝ የሚያቃጥለው። ለመሰኪያው ብሎን ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር መላጥ ይበቃል። አንዲት የሽቦ ክር እንኳ ወደ ጎረቤት ፒን እንዳትወጣ እዩ።

ሽቦን ከሽቦ ማያያዝ ካለባችሁ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለሉ ከሁሉም ርካሽና ከሁሉም መጥፎ ነው። የቆላው ሙቀት ማጣበቂያውን ያቀልጠዋል፣ ከዚያ ውኃ ይገባል። በሊድ መበየድ ኤሌክትሪኩን ጥሩ ያስተላልፋል፤ ነገር ግን ሽቦው ሊዱ ያለቀበት ቦታ ላይ ይደርቅና የሚንቀጠቀጥ ተሳቢ ላይ እዚያው ይበጠሳል። የኔ ምርጫ በፒንሳ የሚጨመቀው ማያያዣ ነው፣ በተለይ ውስጡ ማጣበቂያ ያለውና በእሳት ሲሞቅ የሚኮማተረው። ቀዩ እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ላለው ሽቦ፣ ሰማያዊው እስከ 2.5 ላለው ነው። ትክክለኛው መጭመቂያ ፒንሳ ከሌላችሁ ተዋሱ እንጂ በመዶሻ አትቀጥቅጡት። ሽቦዎቹንም ሁሉንም እኩል አትቁረጡ፤ አንዱን አጠር፣ ሌላውን ረዘም ካደረጋችሁ መጋጠሚያዎቹ እላይ በላይ ተደራርበው ኬብሉን አያሳብጡትም።

ርዝመቱን መኪናው ቀጥ ብሎ ቆሞ አትለኩ። መኪናውን ከተሳቢው ጋር ሙሉ አጥፋችሁ ለኩ፤ የሐረጎ መታጠፊያዎች የተወጠረ ኬብል ይነቅላሉ፣ በጣም ከረዘመ ደግሞ አስፋልት ላይ ይጎተታል። ጨርሳችሁ ፍሬቻ ስታበሩ የፍሬን መብራቱም አብሮ ብልጭ ድርግም ካለ ማሳው አልያዘም ማለት ነው፣ መጀመሪያ ነጩን ሽቦ ፈትሹ።