የሚጥል በሽታ ያለበት ውሻ ላላችሁ አንድ ሐኪም ልጠቁም

የቡቺን ሐኪም በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ነውር ነው።

ቡቺ 3 ዓመቱ ነው። በተኛበት ድንገት ይጥለውና ይንፈራገጣል፣ አረፋ ይደፍቃል፣ ሽንቱን ይለቃል። የግቢው ሰው «አብዷል፣ ሳይነክስ ይገደል» አለ። ዘበኛችን ለሰው እንደሚደረገው ክብሪት ጭረው አፍንጫው ሥር ያዙለት። መጀመሪያ ያየው ባለሙያ ደግሞ ገና ሳይነካው «በመርፌ ይረፍ» አለኝ።

ይሄኛው ሐኪም ቤት ድረስ መጣ። የክትባት ካርዱን አየ፣ ሲጥለው የቀረጽኩትን ቪዲዮ ደጋግሞ ተመለከተ፣ መርዝ በልቶ እንደሆነ ጠየቀ፣ ደም ወሰደ። ከዚያ በኋላ ነው የሚጥል በሽታ ነው ያለኝ። በውሾች ላይ ብዙ ጊዜ ከ6 ወር እስከ 6 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል አሉ።

ያዘዘለት ፌኖባርቢታል ነው፤ አዎ፣ ሰው የሚወስደው ራሱ፣ ከፋርማሲ በማዘዣ የሚገዛው፣ መጠኑ ግን በውሻው ኪሎ ተሰልቶ በየ12 ሰዓቱ የሚሰጥ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንደሚርበው፣ ውሃ እንደሚያበዛ፣ የኋላ እግሩ እንደሚንገዳገድ አስቀድሞ ነግሮኝ ስለነበር አልደነገጥኩም። (ርሃቡስ ጉድ ነው፣ የጎረቤት ማድቤት ድረስ ሄዷል።) የመድኃኒቱ መጠን ደም ውስጥ እስኪረጋጋ 2 ሳምንት ገደማ ይፈልጋል፣ ጉበቱም በየጊዜው በደም ምርመራ መታየት አለበት።

አጥብቆ የነገረኝ ግን ይሄን ነው፦ ተሽሎታል ብለሽ በራስሽ እንዳታቆሚ፣ ድንገት ማቋረጥ ራሱ ክፉኛ ይጥለዋል። ሲጥለው አፉ ውስጥ ምንም አታስገቢ፣ ሰዓት ያዢ፣ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም በአንድ ቀን ከተደጋገመ ወዲያው ደውይ። አንድ መድኃኒት ብቻውን ካልበቃ ፖታሲየም ብሮማይድ ወይም ሌቬቲራሴታም ይጨመራል። ድመት ያላችሁ ግን ልብ በሉ፣ ብሮማይዱ ሳንባዋን ስለሚጎዳ ለእሷ አይሆንም።

አሁንም አልፎ አልፎ ይጥለዋል። ሐኪሙም ከነጭራሹ ይጠፋል ብሎ ቃል አልገባልኝም፣ ያመንኩትም ለዚህ ነው። አንድ እንከን አለው፦ እኔን ሰዓት አክብሪ እያለ ይቆጣል እንጂ እሱ በቀጠሮው ሰዓት መጥቶ አያውቅም። ስልኩን ሳላስፈቅደው እዚህ አልለጥፍም፣ አዲስ አበባ ያላችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ስትደውሉለት ቪዲዮውን አዘጋጁ፣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።