ቤዝመንት ልታሠሩ ነው? ግድግዳው በድራይዎል (በጂፕሰም ሰሌዳ) ሳይዘጋ ሽቦውን ቁጠሩ

ስም አልጠራም። ሰው ለማዋረድም አይደለም የምጽፈው። እኔ የገባሁበት ጣጣ ውስጥ ሌላ አበሻ እንዳይገባ ብዬ ነው።

የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አምና ቤዝመንቱን ለማሠራት ተነሳን። አንድ መኝታ ክፍል፣ መታጠቢያ ቤት፣ ጥጉ ላይ ደግሞ እማዬ እንጀራ የምትጋግርበት ትንሽ ኩሽና። ላይ ቤት ሲጋገር የጭስ ደወሉ ይጮሃል፣ መስኮቱ ሁሉ በእንፋሎት ይሸፈናል። ምጣዱ ወደ ታች ይውረድ ተባለ።

ላይሰንስ ያለው ኤሌክትሪሺያን ለኤሌክትሪኩ ብቻ ከነፐርሚቱ (ከነካውንቲው የሥራ ፈቃድ) 4,200 ዶላር ጠየቀን። ሰው ያገናኘን የአገር ልጅ ግን 1,900 አለ። በካሽ፣ ግማሹ በቅድሚያ። ስለ ፐርሚት ስጠይቀው «ገንዘብህን ለካውንቲው ለምን ታበላለህ?» አለኝ። ሳቅኩ። አሁን ሳስበው ያናድደኛል።

ሲያስረክበን ሥራው ዓይን ይሞላ ነበር። ሶኬቱ ቀጥ ያለ፣ ሽፋኑ ጥርት ያለ ነጭ። ለፋሲካ እማዬ ስትጋግር ግን የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን። የሶኬቱን ሽፋን ብነካው ይፋጃል። ሮጬ ብሬከሩን አጠፋሁ።

ያን ጊዜ ነው ላይሰንስ ያለውን የጠራሁት። ሶኬቱን ከግድግዳው ለማውጣት ሲታገል ቆሜ አየሁ። ውስጡ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሻንጣ ነው የሚመስለው፤ በጉልበት ተጠቅጥቆ የተዘጋ። አንዱ ሽቦ ሲገፋ ተጠማዞ ከብሎኑ ላልቶ ነበር። የላላ ግንኙነት ብዙ ኃይል ሲያልፍበት ይግላል። የኛ ምጣድ 1,500 ዋት ነው፤ በ120 ቮልት 12 አምፔር ተኩል ማለት ነው። እማዬ ስትጋግር ደግሞ ለሰዓታት ነው።

ከግድግዳው ጀርባ ያለችው ሳጥን ቦክስ ትባላለች። ምን ያህል ሽቦ መያዝ እንደምትችል የተወሰነ ነው። ናሽናል ኤሌክትሪካል ኮድ የሚባለው የአሜሪካ ደንብ፣ አንቀጽ 314.16 ላይ ቁጥሩን አስቀምጦታል። ኤሌክትሪሺያኑ ካርቶን ላይ እየጻፈ አስረዳኝ፤ የሁለተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። ለ15 አምፔር መስመር የሚሆነው ቀጭኑ ባለ 14 ቁጥር ሽቦ፣ እያንዳንዱ 2 ኪዩቢክ ኢንች ቦታ ይያዝለታል። ለ20 አምፔር የሚሆነው ባለ 12 ቁጥር ደግሞ 2.25። ልባስ የሌላቸው የግራውንድ (የመሬት) ሽቦዎች እስከ አራት ድረስ ተደምረው እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ሶኬቱ ወይም ማብሪያው ራሱ እንደ ሁለት ሽቦ ይቆጠራል። የሽቦ ጫፎችን የሚያያይዘው ቆብ፣ ዋየር ነት የሚሉት፣ አይቆጠርም።

እኛ ቦክስ ውስጥ ሦስት ባለ 12 ቁጥር ኬብሎች ገብተዋል። በየኬብሉ ያለው ጥቁርና ነጭ ሲደመር ስድስት ሽቦ። ግራውንዶቹ አንድ። ሶኬቱ ሁለት። ዘጠኝ ጊዜ 2.25፣ 20.25 ኪዩቢክ ኢንች። የቦክሱ መጠን ውስጡ ላይ ተጽፏል፦ 18። ለካ ሽቦው ባለ 14 ቁጥር ቢሆን ኖሮ ልክ 18 ላይ ያርፍ ነበር። ሰውየው ለቀጭኑ መስመር የሚበቃውን ቦክስ ነው ወፍራሙ ላይ የተጠቀመው። ባለ 22.5 ቦክስ ቢገዛ ልዩነቱ ከአንድ ስኒ ማኪያቶ ዋጋ አይበልጥም! በዚያ ላይ ሶኬቱ ውሃ አጠገብ የሚደረገው፣ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ራሱን የሚያጠፋው ጂኤፍሲአይ ነው፤ ሆዱ ትልቅ ነው። ደንቡ እሱንም እንደ ሁለት ሽቦ ብቻ ነው የሚቆጥረው፤ ስለዚህ ሒሳቡ ልክ ቢመጣ እንኳ ቦታው ይጠባል።

ሌላም ጉድ ነበር። ሽቦው እንዲገባለት አሳጥሮ ቆርጦታል። ደንቡ ቢያንስ 6 ኢንች ነፃ ሽቦ ይተው ይላል፤ የኛ ሦስትም አይሞላም። አገር ቤት ግድግዳው ብሎኬት ነው። እዚህ ቤቱ የተዋቀረው በእንጨት ስለሆነ ብልጭታ ብዙ የሚበላው ነገር አለው።

ለሠራልን ሰውዬ ደውዬ ስነግረው «አይዞህ፣ የሁሉም ቤት እንዲህ ነው» አለኝ። ከዚያ በኋላ ስልኬን አላነሳም። የሜሪላንድ ሕግ ቤት የሚያድስ ኮንትራክተር በቅድሚያ ከዋጋው ሲሶ በላይ እንዳይቀበል ይከለክላል። ግማሽ ስጡኝ ሲለን መጠርጠር ነበረብን። ለተጎዳ ባለቤት የሚከፍል የመንግሥት ፈንድም አለ፤ የሚከፍለው ግን ኮንትራክተሩ ላይሰንስ ካለው ብቻ ነው። ላይሰንሱን በስቴቱ የሌበር መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ በስም ፈልጎ ማየት ይቻላል፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እዚህ ላይ አትሸወዱ፦ የቤት እድሳት ላይሰንስ ብቻውን ኤሌክትሪክ ለመሥራት አይፈቅድም። ያ ሌላ ላይሰንስ ነው።

ፐርሚት ማለት ደግሞ ድራይዎሉ ከመለጠፉ በፊት ኢንስፔክተር መጥቶ ቦክሱን ያያል ማለት ነው። ለካውንቲው ገንዘብ ማብላት ያልነው እሱን ነው።

አሠርታችሁ የጨረሳችሁ ከሆነ ብሬከሩን አጥፉ፣ ኃይል አለመኖሩን በቴስተር አረጋግጡ፣ የአንዱን ሶኬት ሽፋን ፈታችሁ፣ ሶኬቱን ወደ ውጭ ሳብ አድርጋችሁ እዩ። የኬብሉ ልባስ ቢጫ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ባለ 12 ቁጥር ነው፤ ነጭ ከሆነ 14። እየገፋችሁ ካልሆነ የማይመለስ ሶኬት ካገኛችሁ ባለሙያ ጥሩ። እናንተ አትነካኩት።

ገና የምታሠሩ ከሆነ ግድግዳው ክፍት እያለ እያንዳንዱን ቦክስ ፎቶ አንሱ። እኔ አላነሳሁም። ኤሌክትሪሺያኑ መስመሩን ሲከተል ድራይዎሉ ውስጥ የተቀበረ፣ ክዳን የሌለው አንድ ቦክስ አገኘ። ቦክስ ሁልጊዜ ግድግዳ ሳይፈርስ የሚደረስበት መሆን አለበት። ሌላም አንድ መኖር አለበት ይላል፤ የት እንደሆነ ግን እስካሁን አልተገኘም። የመኝታ ክፍሉ ብሬከር እንደጠፋ ነው፤ እማዬም ምጣዷን ወደ ላይ መልሳዋለች።