ክፍት መጨረሻ ወይስ የተቋጨ መጨረሻ? ለአጭር ልቦለድ ጸሐፊ

የመጨረሻው ገጽ ላይ ሲደረስ ምርጫው ይመጣል፦ ታሪኩን ጸሐፊው ራሱ ይቋጨው ወይስ ለአንባቢ ይተውለት?

ድካሙ፦ የተቋጨው፣ መነሻው ላይ የታሰረውን ቋጠሮ ሁሉ መፍታት ይጠይቃል። ክፍቱ ቀላል ይመስላል እንጂ ከባዱ እሱ ነው። ለምሳሌ በአንድ ታሪክ ልጅቷ ትሰደዳለች ወይስ ትቀራለች የሚለው ካልተነገረ፣ አንባቢው የሚፈርድበት ነገር ቀድሞ መሀል ላይ መቀመጥ አለበት፦ የተሸጠ አልጋ፣ ባዶውን የቆመ ሻንጣ፣ ለእናቷ ያልነገረቻት የበረራ ቀን። ፍንጮቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ከጎተቱ መጨረሻው ክፍት አይደለም፤ የታወቀ ነገር ሳይነገር ቀረ እንጂ።

የአንባቢው ድርሻ፦ በተቋጨው፣ እያነበበ "ማን ገደለው?" ብሎ ይገምታል፤ መጨረሻ ላይ ግምቱን ያመሳክራል። በክፍቱ፣ ዋናው ፈጠራው የሚጀምረው ንባቡ ካለቀ በኋላ ነው።

አደጋው፦ የተቋጨው በድንገተኛ ሞት ወይም በሎተሪ ከተፈታ አንባቢ እንደተታለለ ይሰማዋል። ክፍቱ ደግሞ ጸሐፊው ደክሞት ያቆመው ሊመስል ይችላል። ማጣሪያ አለው፤ ለሦስት ሰው አስነብቡና "ከዚህ በኋላ ምን ሆነ?" በሏቸው። መልሳቸው ተለያይቶ እያንዳንዳቸው ከጽሑፉ ማስረጃ ከጠቀሱ ሠርቷል። "እኔ ምን አውቄ" ካሉ ፍንጭ ጎድሎታል፤ ወደ መሀሉ ተመልሳችሁ ጨምሩ፣ መጨረሻውን አትነካኩት።

ለወንጀል ምርመራና በሬዲዮ በተከታታይ ለሚተረክ ታሪክ የተቋጨው ይሻላል፤ ሳምንታት የጠበቀ አድማጭ መልስ ይገባዋል። በአንድ ሰው ውሳኔ ላይ ለሚያተኩር፣ በተለይም በንባብ ክበብ ወይም በክፍል ውስጥ ውይይት ለሚደረግበት አጭር ታሪክ ግን ክፍቱ ተመራጭ ነው።