የማስታወሻ አፕ ስትመርጡ የመውጫውን ዋጋም ጠይቁ፦ ኤቨርኖት፣ ኪፕ፣ ቴሌግራም ወይስ ጆፕሊን?

«ማስታወሻዬን የት ላስቀምጥ?» የሚለው ጥያቄ ከጓደኞቼ አይጠፋም። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ስልክ ከተበላሸ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ አርፍዷል። መልሴን አስቀድሜ ልናገር፦ ጆፕሊን።

መጀመሪያ ዋጋ። ኤቨርኖት እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጣ ጀምሮ ለዓመታት የሚስተካከለው አልነበረም። ቤንዲንግ ስፑንስ የተባለ የጣሊያን ኩባንያ ከገዛው በኋላ ግን በ2023 የግል ፓኬጁ በዓመት 129.99 ዶላር ገባ። ለወር ሲካፈል 10.83 ነው። በየወሩ ልክፈል ያለ ያኔ 14.99 ይከፍል ነበር፤ ይህ በዓመት 180 ሊሞላ 12 ሳንቲም ብቻ ይጎድለዋል። በዚያ ዓመታዊ ዋጋ እንኳ አምስት ዓመት የቆየ ሰው 649.95 ዶላር ያወጣል። በዚህ ገንዘብ ደህና ስልክ ይገዛል! በዚያው ዓመት መጨረሻ ነፃው አካውንት በ50 ማስታወሻና በአንድ ኖትቡክ (የማስታወሻ ፎልደር) ተገደበ። ለዓመታት በነፃ ሲጠቀም የኖረ ሰው ወይ ይክፈል ወይ ይልቀቅ ተባለ። አፑ መጥፎ አይደለም። ፎቶ ላይ ያለ ጽሑፍ ፈልጎ ያመጣል። ግን ማስታወሻችሁ እናንተ በማትወስኑት ዋጋ ሥር ነው ያለው።

ጉግል ኪፕ ነፃ ነው። ለአስቤዛ ዝርዝር ከሱ የሚቀል አላየሁም። ፎልደር ስለሌለው ግን ማስታወሻው ሲበዛ ሁሉም ነገር ይደበላለቃል።

ቴሌግራም ላይ «ሴቭድ ሜሴጅ» ውስጥ ሁሉን የሚወረውር ሰው ብዙ ነው። ምንም አይከፈልበትም፣ እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል ይቀበላል። ሆኖም አካውንቱ የታሰረው በስልክ ቁጥራችሁ ነው። ሲሙ ሲጠፋና ሌላ የተከፈተ መሣሪያ ከሌለ መግባት ጣጣ ነው። መታወቂያችሁንና የባንክ ወረቀታችሁን እዚያ አታስቀምጡ። ከቻቶቹ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር የተመሰጠረው፣ ማለትም ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም የማያነበው፣ ሲክሬት ቻት ብቻ ነው።

የስልኩ የራሱ ማስታወሻስ? ሲንክ ካልተደረገ፣ ማለትም ቅጂው በኢንተርኔት ሌላ ቦታ ካልተቀመጠ፣ ዕድሜው የስልኩ ዕድሜ ነው። ሶፍትዌር ሲበላሽ የጥገና ቤት የተለመደ መፍትሔ ፍላሽ ማድረግ (ሶፍትዌሩን እንደ አዲስ መጫን) ነው፣ ያ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሁሉንም ጠርጎ ይወስዳል። ስክሪኑ ሲሞት ደግሞ ዳታው ውስጥ ደህና ሆኖ ሳለ ፓስወርዱን የምትነኩበት ቦታ አይኖርም።

«ባክአፑን ሜሞሪ ካርድ ላይ አደርጋለሁ» ለምትሉ፣ ይሄን ስሙኝ። አንድ ሱቅ 512 ጊጋባይት ብሎ የሸጠኝ ካርድ ፎርጅድ ነበር። እንዲህ ያለ ካርድ ውስጡ 32 ሆኖ 512 ነኝ ብሎ እንዲናገር የተደረገ ነው። ስልኩም ኮምፒውተሩም ያምኑታል። እውነተኛው ቦታ ሲሞላ አዲሱ ፋይል አሮጌውን ይደመስሳል ወይም የትም አይጻፍም። ስሙና መጠኑ ይታያል፣ ሲከፈት ግን ባዶ ነው። ዋጋው ከሌሎቹ በጣም ከወረደ ተጠራጠሩ። ስትገዙ ዊንዶውስ ላይ በ«ኤች-ቱ-ቴስት-ደብሊው» (H2testw)፣ ማክና ሊኑክስ ላይ በ«ኤፍ-ስሪ» (F3) ፕሮግራም ፈትሹት። ካርዱን እስከ አፉ ሞልተው መልሰው ያነቡታል። ሁለቱም ነፃ ናቸው።

በየቴሌግራም ቻናሉ የሚለቀቀው ክራክ የተደረገ (ክፍያ እንዳይጠይቅ የተሰበረ) «ፕሪሚየም» አፕም ያው ፎርጅድ ነው። የገባበትን ሁሉ የሚያነብ አፕ ማን እንደነካካው ሳታውቁ ምስጢራችሁን አትስጡት።

ጆፕሊን ነፃ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው። ማስታወሻው ስልካችሁ ላይ ይቀመጣል፤ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ሲንኩን በነፃው ድሮፕቦክስ ብታደርጉት 2 ጊጋባይትና ሦስት መሣሪያ ታገኛላችሁ። ለጽሑፍ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ፎቶ ከበዛ ግን ቶሎ ይሞላል። ማስታወሻውን ያለ ፓስወርድ እንዳይነበብ የሚያደርገውን ምስጠራ አብሩ፣ ፓስወርዱን ደግሞ ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ከጠፋባችሁ መልሶ የሚሰጣችሁ የለም። መልኩ አያምርም፣ የመጀመሪያው ሲንክ ማስተካከያም ትንሽ ያለፋል። እኔ ይህን እችለዋለሁ።

ኦብሲዲያንም ጥሩ ነው፣ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው የሚያስቀምጠው። የራሱ ሲንክ ግን የዓመቱን በአንዴ ስትከፍሉ በወር 4 ዶላር ነው፤ በአምስት ዓመት 240።

የትኛውንም ብትመርጡ በአማርኛ ስትጽፉ አንድ አጻጻፍ ያዙ። «ሐኪም» ብላችሁ ጽፋችሁ «ሀኪም» ብላችሁ ብትፈልጉ ላይመጣ ይችላል።

ኤቨርኖት ላይ ያላችሁ በኮምፒውተር ግቡና ማስታወሻችሁን በ«ኢኔክስ» (ENEX) ማለትም በኤቨርኖት የራሱ የማውጫ ፋይል አውጡ፤ ጆፕሊን በቀጥታ ይቀበለዋል። እያንዳንዱን ኖትቡክ ለየብቻ አውጡ፣ አለዚያ ሁሉም ይቀላቀልባችኋል። ክፍያውን የምታቋርጡት አባሪ ፎቶዎቹና ፒዲኤፎቹ ጆፕሊን ላይ መከፈታቸውን በዓይናችሁ ካያችሁ በኋላ ይሁን።